1967 ዓ.ም. በፈረንጅ ስንት ነው?

ለገጣፎ ወይም አቃቂ አካባቢ የአያቶቹን የግብር ደረሰኝ ከሳጥን አውጥቶ ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ነው። አንዱ ሰባት ደምር ይለዋል፣ ሌላው ስምንት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚወስነው ወሩ ነው።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ይደመራል። ከዚያ ወዲያ የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚቀየር እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ለምሳሌ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በፈረንጅ 1974። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት 25 ነው፤ እሱ ግን 1975 ይሆናል። ትርፍ የከተማ ቤት የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967ም የሐምሌ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች 47/1975 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ አዋጆች ይመስሉታል፤ አንድ ነው።

ወረቀቱ ላይ ወር ከሌለስ? አትገምቱ። 1974/75 ብላችሁ በእዝባር ጻፉ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ደግሞ እንዳለ ገልብጡት፤ የፈረንጁን በቅንፍ አስከትሉ። የቀየሩትን ብቻ ጽፎ ዋናውን መተው፣ እውነቴን ነው፣ ያናድዳል። ስሌቱ ቢሳሳት ከኋላ የሚመጣው አንባቢ በምን ያርመው?