በበረዶ ውስጥ እንዲበር የተፈቀደለት አውሮፕላን ሁሉንም በረዶ ይችላል?

አይችልም። ፈቃዱ የሚሸፍነው አውሮፕላን ላይ በረዶ ከሚሠሩ ደመናዎች መካከል በደንቡ የተቀመጠውን ዓይነት ብቻ ነው። የቆየው የአሜሪካ ደንብ የሚያውቀው አማካይ ስፋታቸው እስከ 50 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆኑ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎችን ነበር። እነሱ የክንፉን የፊት ጠርዝ ሲመቱ እዚያው በረዶ ይሆናሉ። ጠርዙ ላይ ያለው ላስቲክ በአየር እየተነፋ በረዶውን ይሰባብረዋል።

ትልልቅ ጠብታዎች ግን ወዲያው አይረጉም። ወደ ኋላ ይፈስሱና ላስቲኩ በማይደርስበት ቦታ በረዶ ይሠራሉ። በጣም የሚያስፈራው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንዲያና ውስጥ ሮዝሎን አጠገብ ኤቲአር 72 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ወድቆ 68 ሰዎች አለቁ። ትልልቆቹ ጠብታዎች ደንቡ ውስጥ የገቡት ግን በ2014 ነው፤ ያውም ለአዳዲስ ዲዛይኖች። 20 ዓመት በጣም ረጅም ነው።