የሕፃናት ጥበቃ ሱፐርቪዥን ምንድን ነው?

ወረዳ ላይ የሠራ ሰው «ሱፐርቪዥን መጣ» ሲባል ምን እንደሚከተል ያውቃል። ከዞን መኪና ይመጣል። ሁለት ሦስት ሰዎች ቼክሊስት ይዘው ይገባሉ። ዕቅድ አለ? አለ። የሩብ ዓመት ሪፖርት? ተልኳል። ቃለ ጉባኤ? ይኸው። ከምሳ በኋላ ግብረ መልስ ይሰጥና መኪናው ይነሳል። ቢሮው እፎይ ይላል፤ እስከሚቀጥለው ድረስ።

ዛሬ የማወራው ግን ስለዚያ አይደለም። በሕፃናት ጥበቃ ሥራ ሱፐርቪዥን የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ቤት ለቤት እየሄደች የልጆችን ደህንነት የምታይ ሠራተኛና የቅርብ ኃላፊዋ በር ዘግተው፣ በቋሚ ሰዓት፣ ስለ እያንዳንዱ ልጅ የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። ጥያቄው «ስንት ቤት ጎበኘሽ?» አይደለም። «ምን አየሽ? ካየሽው ተነስተሽ ምን ደመደምሽ? ተሳስተሽ ቢሆንስ?» ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሥራው ብቻን የሚሠራ ስለሆነ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንዷ ነርስ ብትሳሳት አጠገቧ ሌላ ነርስ አለች። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ግን ሰው ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቡና ቀርቦላታል። ፊት ለፊቷ ያሉት እናት እውነት ይናገሩ አይናገሩ ትገምታለች። ግምቷን ይዛ ቢሮ ትመለስና ፋይል ላይ ታሰፍረዋለች። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ግምት መሆኑ ይረሳል። ቀጥሎ ፋይሉን የሚከፍት ሰው እንደ እውነት ያነበዋል። ሱፐርቪዥን ያ ግምት ሥር ሳይሰድ እንደገና የሚፈተሽበት ቦታ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ጎረቤት ጠቁሟል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሌሊት ያለቅሳል፣ ከትምህርት ቤትም እየቀረ ነው። ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ተመለሰች። ኃላፊዋ በዕድሜም በሥራም ትበልጣታለች።

«ልጁን አየሁት። ደህና ነው።»

«የት ሆኖ ነው ያየሽው?»

«ሳሎን። ቲቪ እያየ።»

«አናገርሽው?»

«ሰላም አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ነው የጨበጠኝ።»

«ብቻውን ነበር?»

«አይ፣ እናቱ ነበሩ። እስቲ አንዴ ውጡልኝ ማለት ከበደኝ።»

«ገባኝ። የሚተኛው የት ነው?»

«መኝታውን አላየሁም።»

«ትምህርት ቤትስ ለምን ቀረ?»

«እናቱ አሞት ነው ብለዋል።»

«ይሄ እናቱ ያሉት ነው። ትምህርት ቤቱ ምን ይላል?»

ኃላፊዋ አልተቆጣችም፣ አላሳጣቻትምም። ግን «ደህና ነው» የሚለው ድምዳሜ ከጥቂት ጥያቄዎች በኋላ «ሳሎን ውስጥ፣ እናቱ ባሉበት፣ ለትንሽ ደቂቃ ያየሁት ልጅ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀጣዩ ሥራ ራሱ ግልጽ ይሆናል። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት መሄድ፣ ልጁን እዚያ ብቻውን ማነጋገር፣ በሳምንቱ ውስጥ ተመልሶ የሚተኛበትን ማየት። ይህ ፋይሉ ላይ ይጻፋል፤ ቀን ይገባበታል፣ ኃላፊዋ ትፈርምበታለች።

«ውጡልኝ ማለት ከበደኝ» የምትለውን እንዳንዘላት። ይሉኝታ ነች። ይሉኝታ በጎረቤት መካከል ጥሩ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ግን ልጅ ሊያስከፍል ይችላል። ጎበዝ ኃላፊ ይህን ስለምታውቅ ሸክሙን ወደ ራሷ ትወስዳለች፦ «‹ኃላፊዬ መኝታውን ሳታዪ እንዳትመለሺ ብላኛለች› በያቸው፤ በእኔ አሳቢው» ትላለች። ሠራተኛዋ በሚቀጥለው ቀን በዚያ ቤት በር ላይ ስትቆም ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው። ለእኔ ከሱፐርቪዥን ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ መመሪያዎች ላይ ግን ብዙም አይጻፍም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በእንግሊዝ አገር በአደባባይ ታይቷል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ በ1991 አይቮሪ ኮስት ተወለደች። ወላጆቿ አውሮፓ ሄዳ ጥሩ ትምህርት እንድታገኝ ብለው ለአባቷ አክስት አደራ ሰጧት። ልጅን ለዘመድ አደራ መስጠት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፓሪስ፣ ከዚያ በ1999 ለንደን ወሰደቻት። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 ቪክቶሪያ ሞተች። ስምንት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ ላይ 128 ጉዳት ተቆጠረ። ሴትዮዋና የወንድ ጓደኛዋ በ2001 በግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

ልጅቷ ተደብቃ የኖረች አልነበረችም። የአራት ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) የማህበራዊ አገልግሎት ክፍሎች፣ ሁለት ሆስፒታሎችና ሁለት የፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ቡድኖች ያውቋት ነበር። ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ላሚንግ በ2003 ባወጡት ሪፖርት ልጅቷን ለማዳን ቢያንስ 12 ዕድሎች ባክነዋል ብለዋል። ሀሪንጌ በሚባለው ካውንስል ፋይሏን የያዘችው ማህበራዊ ሠራተኛ ለሥራው ገና አዲስ ነበረች። የክፍሉ መመሪያ ለአንድ ሰው ከ12 ፋይል አይብለጥ ይላል፤ እሷ 19 ይዛለች። በሰባት ወር ገደማ ውስጥ ልጅቷን አራት ጊዜ ነው ያየቻት። ጊዜው አንድ ላይ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሱፐርቪዥን በወረቀት ላይ ነበር። ሠራተኛዋ በምርመራው ላይ እንደመሰከረችው ግን ኃላፊዋ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ ስትገኝም ወሬው ወደ ግል ሕይወትና ወደ እምነት ይሄድ ነበር። ሀሪንጌ የቪክቶሪያን ፋይል በይፋ የዘጋው ልጅቷ በሞተችበት ዕለት ነው።

ከሪፖርቱ 108 ምክረ ሐሳቦች አንዱ በጣም ተራ ይመስላል። ከልጆች ጋር የሚሠሩ ሠራተኞች በመደበኛነት ሱፐርቪዥን ያግኙ፤ ኃላፊውም ፋይሉን ራሱ ያንብብ፣ ይመርምር፣ ይፈርምበት ይላል። «ፋይል ማንበብም ሊነገር ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ሊነገር ነው። ኃላፊ የሠራተኛዋን ወሬ ብቻ ከሰማ የሚያየው እሷ ያየችውን ብቻ ነው። እሷ ያለፈችውን እሱም ያልፈዋል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወሻ፣ ከዓመት በፊት የመጣው ጥቆማ ፋይሉ ውስጥ አሉ። ጎን ለጎን አድርጎ የሚያያቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

እዚያው ሪፖርት ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቪክቶሪያ ሴትዮዋ ፊት ስትሆን ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ብዙ ሰው አይቷታል። ማህበራዊ ሠራተኛዋ ይህን በአፍሪካ-ካሪቢያን ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ አክብሮትና ታዛዥነት አድርጋ ተረጎመችው። በኋላ ወላጆቿ ሲጠየቁ፣ ቤት ሳለች እንዲህ እንድትቆም ጠይቀናት አናውቅም አሉ። ፍርሃት ነበር፤ ባህል ተብሎ ታለፈ።

አንድ ሐበሻ ልጅ እንግዳ ሲገባ ይነሳል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ አዋቂን ዓይን ዓይኑን አያይም። ይህን የማያውቅ ፈረንጅ ሠራተኛ ልጁ ተደቁሷል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የሚያውቅ ሐበሻ ሠራተኛ ደግሞ «የኛ ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ሁለቱንም የምታስቆመው ጥያቄ አንድ ነች፦ «አክብሮት መሆኑን በምን አወቅህ? እናቱ በሌሉበትስ እንዴት ነው?» ባህል የሚያውቅ ሠራተኛ መቅጠር ጥሩ ነው። ግን እሱም የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ ምናልባትም ከሌላው የበለጠ።

የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ምሁር ኤሊን መንሮ ልጆች የሞቱባቸውን ብዙ ምርመራዎች ፈትሸዋል። ያገኙት ተደጋጋሚ ችግር ማህበራዊ ሠራተኞች መጀመሪያ የያዙትን አስተያየት ለመቀየር መዘግየታቸው ነው። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። አንዴ «እናትየዋ ጥሩ ሰው ናት» ካልን ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ ያንን የሚደግፍ ይመስለናል። በ2011 ለመንግሥት ባቀረቡት ግምገማ ደግሞ ሥርዓቱ በቅጽና በመመሪያ ተጨናንቆ ልጁን ረስቷል አሉ። ቼክሊስቱ ሲበዛ የማሰቢያው ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። ከዞን የመጣው መኪና ትዝ አላችሁ?

ሌላው የሱፐርቪዥን ሥራ ሠራተኛዋን ደግፎ ማበርታት ነው። የተቃጠለ እጅ አይታ የመጣች ሰው ማታ ቤቷ ገብታ የራሷን ልጅ ታጥባለች። የሚጮህ አባት በር ላይ ዘልፏት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በሩን የምታንኳኳው ቀስ ብላ ነው፤ ካልተከፈተም ደስ ይላታል። ይህን ለኃላፊዋ ካልተናገረች ፋይሉ ላይ የሚቀረው «ቤት አልተገኙም» የሚል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በእንግሊዝ አዲስ ተመራቂ ማህበራዊ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቀጥሎ ቢያንስ በየወሩ ሱፐርቪዥን እንዲያገኝ የሚጠበቀው። በአሜሪካ ደግሞ የታወቀው መለኪያ ለአንድ ኃላፊ አምስት ሠራተኛ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ውይይቱ «ይሄኛው ምን ደረሰ? ያኛውስ?» ወደሚል ሩጫ ይለወጣል።

ኃላፊን በማስፈራራት ነገሩ ይስተካከላል የሚሉም አሉ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ጋብሪኤል ፈርናንዴዝ የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ በ2013 ከተገደለ በኋላ፣ በ2016 አራት የካውንቲው ሠራተኞች በወንጀል ተከሰሱ። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች ነበሩ። ክሱ በ2020 ውድቅ ተደረገ። ኃላፊ ተጠያቂ መሆን አለበት በሚለው እስማማለሁ። ግን ፍርሃት የሚያመጣውንም እናውቀዋለን። ሠራተኛውም ኃላፊውም ፋይሉን ለልጁ ሳይሆን ለጠበቃ ብለው መጻፍ ይጀምራሉ።

አገራችን ላይ ሙያው ራሱ ተቋርጦ የቀጠለ ነው። በአዲስ አበባ የማህበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1959 ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ እንደገና የጀመረው በ2004 ነው። በመካከሉ በዚህ ሙያ ሰልጥኖ ታናሹን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ አንድ ሙሉ ትውልድ ጎደለ። ዛሬ ሴቶችንና ሕፃናትን በሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት (ስሙ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል) ያለች ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ኃላፊዋን የምታገኘው ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ደግሞ ማንም «እኔ እንጃ፣ ይሄ ልጅ ያሳስበኛል፣ ግን ማስረጃ የለኝም» አይልም። ያንን ለመናገር የተዘጋ በርና ሁለት ወንበር ይበቃል። በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ኃላፊው በዚያ ሰዓት ስልኩን እንዲያጠፋና ለስብሰባ እንዳይጠራ ነው፤ ይህኛው ከበጀቱም ሳይከብድ አይቀርም።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ሶሻል ወርከር በራችሁን ካንኳኳ፣ ከጀርባው ጉዳዩን የምትከታተል ኃላፊ አለች። ስሟን መጠየቅ ትችላላችሁ። የተጻፈው ነገር ስህተት ነው ካላችሁ ወይም ከሠራተኛው ጋር መግባባት ካቃታችሁ እሷን ላነጋግር ማለት ነውር የለውም፤ የተለመደ ነው። አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጃችሁ እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ በራሱ ጉዳይ ላይ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ፤ ዘመድም በልጁ ፈንታ አይናገር። ቪክቶሪያ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነበር። ላሚንግም ልጁ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ካልሆነ አስተርጓሚ የግድ ነው ብለው ጽፈዋል።