ፋይዳ «ነጻ ነው» ከተባለ ተማሪው ለምን ክፍያ ይጠየቃል?

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ቁጥር መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው የተባለ ተማሪ ካርድ ለማሳተም ሄዶ ክፍያ ሲጠየቅ ግራ ይጋባል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ሥርዓት በዋናነት የሚሰጠው ካርድ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ የጣት አሻራው፣ የዓይን አይሪሱና የፊት ምስሉ ተወስዶ ልዩ ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እስኪደርሰው ድረስ፣ ተማሪም ሆነ ሌላ ተመዝጋቢ ምንም አይከፍልም። የሚከፈለው ካርዱ እንዲታተምለት ለሚፈልግ ሰው፣ ለኅትመቱ ብቻ ነው። ይህንን ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ቢያስረዱ ኖሮ ብዙ ወላጅ ካልታሰበ ወጪ በዳነ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የራሱ አሠራር ያለው ሌላ ሰነድ በመሆኑ፣ የፋይዳ ምዝገባ ነጻ መሆኑ እርሱን አይመለከትም።