«ልጄ አይበላልኝም» እና ከወላጆች የምሰማቸው ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። ረፋድ ላይ «ራሴን አመመኝ» ብሎ የሚመጣን ልጅ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁርስ መብላቱን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «አልበላሁም» ወይም «ሻይ ጠጥቻለሁ» ነው። ከወላጆች ጋር ስናወራ ደግሞ እነዚህን ነገሮች ደጋግሜ እሰማለሁ።

«ወፍራም ልጅ ጤነኛ ነው»

ችግር ያየ ሰው የልጅ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢለው አይገርምም። ግን ወፍራም ልጅም ደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል። ክብደት የሚመዘነው ከቁመት፣ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተያይዞ እንጂ በዓይን አይደለም። እባካችሁ፣ ልጁ ፊት «ወፍረሃል፣ ከስተሃል» አትበሉ። ክሊኒክ መጥቶ ሚዛን ላይ መውጣት የሚያሳፍረው ልጅ አለ።

«ካላጎረስኩት አይበላም»

አንድ እናት ምሳ ሰዓት ላይ እየመጡ የ6 ዓመት ልጃቸውን ያጎርሱ ነበር። ልጁ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል። አይውጥም። «ለእማዬ፣ አንዴ ብቻ!» ይሉታል። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁሌ በግድ የሚጎርስ ልጅ መጥገቡን ማዳመጥ ይረሳል። ምንና መቼ እንደሚበላ እናንተ ወስኑ። ምን ያህል የሚለውን ለሆዱ ተዉለት። እናትየውን «ምሳ ዕቃው ውስጥ ግማሹን ብቻ ያድርጉለት» አልኳቸው። ተጨነቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ክዳኑን ራሱ ከፍቶ ፍርፍሩን ሲበላ አየሁት። ትንሽ አስተረፈ። ያስተርፍ።

ጎመን አልፈልግም ካለም ተስፋ አትቁረጡ። አንዳንድ ልጅ አዲስ ምግብ የሚለምደው 10 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከቀረበለት በኋላ ነው።

«ጁስ ፍራፍሬ ስለሆነ አይጎዳም»

አንድ ብርጭቆ ጁስ ለመጭመቅ ሦስት አራት ብርቱካን ይፈልጋል። ልጁ አራት ብርቱካን ባንድ ጊዜ አይበላም፤ ጁሱን ግን ባንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። አብዛኛው አሰር (ፋይበር) ደግሞ ከተጨመቀው ፍሬ ጋር ይቀራል። ብርቱካኑን ልጣችሁ ስጡት። ለስላሳማ ይባስ፤ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ለጥማት ውሃ ይበቃል።

«ጥሩ ምግብ ውድ ነው»

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ በሶ። ከቺፕስና ከብስኩት ጋር ዋጋቸውን አስተያዩት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ቁርስ ላይ ሻይ ባይኖር ይመረጣል።

«ጨዋታ ጥናት ያስረሳል»

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ባንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኳስ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለን ልጅ በቀጥታ አስጠኚ ፊት አታስቀምጡት። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ኳሱን ይዞ ግቢ ይውረድ።