ስክሪን ሪደር ምንድን ነው?

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ፣ ተስማሚ መሣሪያ ከተገኘም በጣት ወደሚዳሰስ ብሬል የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለ የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር በነፃ ይወርዳል፤ ቶክባክ የተባለው የስልክ ስክሪን ሪደርም በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ግቢ ለሚማር ማየት ለተሳነው ተማሪ ከባዱ ነገር ሶፍትዌሩን ማግኘት ሳይሆን ሶፍትዌሩ ሊያነበው የሚችል ሰነድ ማግኘት ነው።

ስክሪን ሪደር የሚያነበው ፊደልን እንጂ የፊደልን ፎቶ አይደለም። ከመጽሐፍ ላይ በስልክ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ተደርጎ በቴሌግራም የተላከ ሃንድአውት ለሚያይ ተማሪ ሙሉ ገጽ ሲሆን ለሶፍትዌሩ ግን ባዶ ምስል ነው። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ እንደ ቴሰራክት ያሉ ፕሮግራሞች አማርኛን ያውቃሉ፤ ሆኖም ቅርጻቸው የሚቀራረብ ፊደላትን ስለሚያምታቱ ውጤቱን ሰው ሊያርመው ይገባል።

ሌላው ችግር ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በቀደሙት የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሞጁል ላይ ላዩን አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ትርጉም የለሽ ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ መቀየር ግድ ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በወሎ ደግሞ የሰነዱን ቋንቋ በቅንብሩ ላይ ማመልከት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በላቲን የተጻፈው አፋን ኦሮሞ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊነበብ ይችላል።

ርዕስን ማድመቅ ብቻውን (ብዙ መምህራን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው) አይበቃም፤ በወርድ ላይ «ሄዲንግ» ተብሎ ከተሰየመ ግን ተማሪው አንዲት ቁልፍ እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ለምስልም አማራጭ ጽሑፍ (ምስሉን በቃላት የሚገልጽ፣ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው) ሲሰጥ «ካርታ» ብሎ ማለፍ ምንም አይነግረውም፤ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መሬቱ ዝቅ እያለ እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ» ቢባል ግን ትምህርቱ ይደርሰዋል።

የቅጂ መብትም ቢሆን የሚያስፈራውን ያህል እንቅፋት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸው አንባቢያን የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚዘጋጅበትን መንገድ ከፍቷል።