ምላጭ እንጂ ውኃ አልተከለከለም

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። ዛሬ ስለ ድሬድ ነው የምናወራው። አዎ፣ ስለ ፀጉር።

ሁለት ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ «አማኝ ሰው ድሬድ ቢያሳድግ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነው። ሌላው ከራሳቸው ከባለ ድሬዶቹ የሚመጣ ነው። «ለእግዚአብሔር ብዬ ነው የተውኩት፤ ታዲያ ሻምፖ ምናምን እያልኩ ባሽሞነሙነው ስእለቴን አላቀለውም?» ይላሉ። ለሁለተኛው መልሴ አጭር ነው። አታቀሉትም፣ እጠቡት! ለምን እንደምል ግን መጽሐፉን ከፍተን እንየው፤ ምክንያቱም በመንፈሳዊነት ስም የራስ ቆዳቸውን የሚያቆስሉ ወገኖች አሉ፣ ይሄ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ዘኁልቁ ምዕራፍ 6ን ድሬድ ያለው አማኝ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ብዙዎቻችን ግን ቁጥር 5 ላይ እናቆማለን። እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ወንድም ሆነ ሴት (ቁጥር 2 ላይ ሴቷም አለች፣ ልብ በሉ) ራሱን ለእግዚአብሔር ሊለይ የናዝራዊነት ስእለት ሲሳል ሦስት ነገር ይጠብቃል። ከወይን ይርቃል፤ መጠጡን ብቻ አይደለም፣ ኮምጣጤውን፣ እሸቱን፣ ዘቢቡን፣ ከፍሬው እስከ ልጣጩ ድረስ። ወደ ሬሳ አይቀርብም፤ አባቱ ወይም እናቱ ቢሞቱ እንኳ። የስእለቱም ዘመን እስኪያልቅ ራሱን ምላጭ አይነካውም፣ ፀጉሩ ያድጋል። በቃ፣ ይሄ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ያውም ለዓይን የሚታየውን መርጦ «እኔ ናዝራዊ ነኝ» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ደግሞ ያልተጻፈውንም እዩ። ፀጉሩ ይቆላለፍ አይልም። አይታጠብ አይልም። አይነካ፣ አይሰብሰብ፣ ዘይት አይቀባ አይልም። የተከለከለው ምላጭ ነው፤ ውኃ አልተከለከለም። «ካልሸተተ ስእለት አይሆንም» የሚለውን ትምህርት ከየት እንዳመጣነው እንጃ፤ ከዘኁልቁ ግን አይደለም።

ሳምሶን ደግሞ አለ። መሳፍንት 16 ላይ ሰባት ጉንጉን ነበረው ይላል። ተጎንጉኖ ይሁን በራሱ ተቆላልፎ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ስለዚህ «ሳምሶን ድሬድ ነበረው» ብለን መማል አንችልም፣ አልነበረውም ብለንም መማል አንችልም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ምዕራፍ 14 ላይ ይሄው ሰው ከሞተ አንበሳ ሬሳ ውስጥ ማር አውጥቶ እየበላ ሄደ። ለወላጆቹም ሰጣቸው፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልነገራቸውም። ያን ጊዜ ፀጉሩ ሙሉ ነው። አንድም ዘለላ አልጎደለም። ውጪው ናዝራዊ፣ እጁ ግን ሬሳ ውስጥ። ደሊላ ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ከማስላጨቷ ብዙ ዓመት በፊት ስእለቱ ከውስጥ መላላት ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ኃይሉም ቢሆን ከፀጉሩ የሚመነጭ አልነበረም። አንበሳውን ሲገድል የእግዚአብሔር መንፈስ በኃይል ወረደበት ይላል። ፀጉሩ ምልክት ነበር። ምልክቱ ሲላጭ «እንደ ወትሮው እወጣለሁ» ብሎ ተነሳ፣ እግዚአብሔር እንደተለየው ግን አላወቀም። ከዚያ በኋላ በእስር ቤት ፀጉሩ እንደገና ማደግ ጀመረ፤ ቢሆንም ምሰሶዎቹን ከመግፋቱ በፊት ያደረገው ነገር መጸለይ ነው። ፀጉሬ አድጓልና እችላለሁ አላለም።

ስእለት የሌለው ረጅም ፀጉርም በመጽሐፉ አለ። አቤሴሎም። በዓመት አንድ ጊዜ ሲቆርጠው በንጉሥ ሚዛን 200 ሰቅል ይመዝን ነበር ይላል 2ኛ ሳሙኤል 14፤ በእኛ አቆጣጠር ከ2 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። የሚያምር ሰው ነበር፣ አባቱ ላይም ያመፀው እሱ ነው። (ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው በፀጉሩ ነው እየተባለ ይሰበካል፤ ጽሑፉ የሚለው ግን «ራሱ» ነው።) የሳሙኤል እናት ሐና ደግሞ ልጇ ሳይፀነስ «ምላጭ አይደርስበትም» ብላ ተሳለች። ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ወይን እንደማይጠጣ ሉቃስ ነግሮናል፤ ስለ ፀጉሩ ግን አንድም ቃል የለም። ጌታችንን ናዝራዊ ስእለት የነበረው አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፤ እሱ ግን ወይን ጠጥቷል፣ የሞተችውን ልጅ እጇን ይዞ አስነስቷል። ስለዚህ ለድሬዳችን ማስረጃ ፍለጋ ሁሉንም ሰው ፀጉረ ረጅም አናድርግ።

አሁን የምትጠብቁት ጥቅስ። 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥14፣ ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር ነው የሚለው። ይሄን ዘልለን ማለፍ አንችልም፤ ድሬድ ያላችሁ ወንድሞች በተለይ። ጳውሎስ የጻፈው በጉባኤ ስለ ወንድና ሴት ሥርዓት ሲናገር ነው፣ «ተፈጥሮ አያስተምራችሁምን» እያለ። ያው ጳውሎስ ግን በሐዋርያት ሥራ 18፥18 ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን ተላጨ። ክንክራኦስ የት ነው? የቆሮንቶስ ወደብ ናት! በምዕራፍ 21 ደግሞ ስእለት ያለባቸው አራት ሰዎች ራሳቸውን እንዲላጩ ወጪያቸውን እንዲሸፍን ተመክሮ አብሯቸው ወደ መቅደስ ገባ። በስእለት የሚያድግን ፀጉር የማያውቅ ሰው አይደለም። ስለዚህ እኔ እንደምረዳው ጥቅሱ ሴት ለመምሰል ወይም ሥርዓትን ለመናቅ የሚደረገውን ይመለከታል እንጂ ረጅም ፀጉርን ሁሉ አያወግዝም። ይሄ የእኔ መረዳት ነው። የእናንተ እረኛ በሌላ መንገድ ከተረዳውና አገልግሎት ላይ ከሆናችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ፀጉር ይዞ ጉባኤ መክፈል ከሁሉም የከፋ ነው። ካህናቱን ራሱ እዩ፤ ሕዝቅኤል 44፥20 ራሳቸውን አይላጩ፣ ፀጉራቸውንም አያስረዝሙ፣ ይከርክሙት ብቻ ይላል። ናዝራዊው አስረዘመ፣ ካህኑ ከረከመ። ሁለቱም ለአንድ አምላክ።

«ድሬድ የራስታ ነው» የሚለውም አለ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃማይካ የተነሳው የራስታፈሪ እምነት ይሄንኑ ዘኁልቁ 6ን ይጠቅሳል፣ እውነት ነው። የሂንዱ መናንያንም ፀጉራቸውን ያቆላልፋሉ። ጥቅልል ፀጉር ሳይበጠር ከቆየ ይቆላለፋል፤ የማንም ሃይማኖት ቢሆን፣ ሃይማኖት ባይኖረውም። ፀጉሩ ራሱ የእምነት መግለጫ የለውም።

ወደ እንክብካቤው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጉዳት የማየው እዚህ ነው።

የማንኛውም ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ፀጉር ያራግፋል። የሚያበጥር ሰው ማበጠሪያው ላይ ያገኘዋል። ድሬድ ላይ ግን የረገፈው አይወድቅም፤ ካልረገፈው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቀራል። ድሬድ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ከቆሻሻ ጋር ግንኙነት የለውም! እንዲያውም ቅባትና የምርት ዝቃጭ ዘለላዎቹን ስለሚያንሸራትታቸው መቆላለፉን ያዘገያል። ንጹሕ ፀጉር ቶሎ ይቆላለፋል። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል።

ጊዜ ይፈልጋል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ድሬዱ ደግሞ በደንብ እስኪጠና ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈታል፣ ይበተናል፣ መሃሉ ያብጣል፣ ወደ አንድ ወገን ይቆማል። መስታወት ስታዩ የማትወዱት ጊዜ ይመጣል። ብዙ ሰው ዋክስና ቫዝሊን መለቅለቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። አታድርጉ። ዋክስ በውኃና በሻምፖ በቀላሉ አይወጣም፤ ውስጥ ተቀምጦ አቧራና ክር ይሰበስባል፣ ከዓመታት በኋላ ድሬዱን ከፍታችሁ ብታዩት መሃሉ ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ማጠቡን በተመለከተ ለአብዛኛው ሰው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። የሚያልበው፣ ስፖርት የሚሠራ፣ አቧራ ላይ የሚውል ሰው ያፈጥነዋል። ሻምፖውን በውኃ አቅጥኑትና የራስ ቆዳችሁ ላይ አድርጉት፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ እሹት፤ አረፋው ሲወርድ ርዝመቱን ያጥበዋል። ከዚያ አለቅልቁ፣ አለቅልቁ፣ አሁንም አለቅልቁ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ስስ መረብ ወይም የስቶኪንግ ኮፍያ አጥልቃችሁ እጠቡት፤ አይበታተንባችሁም። ፀጉር የሚያለሰልስ ኮንዲሽነር በጀማሪነት ጊዜ ይቅርባችሁ፣ መቆላለፉን ያሰናክላል።

ከማጠቡ እኩል የሚያስፈልገው ማድረቁ ነው። ድሬድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፤ ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይሆናል። እርጥቡን አስራችሁ ከተኛችሁ ወይም ኮፍያ ከደፋችሁበት ይሸታል፣ ሲደጋገም ይሻግታል። የሻገተ ድሬድ ሽታው በሽቶ አይሸፈንም። ጠዋት እጠቡ፣ አንድ በአንድ ጨምቁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡ፣ ከዚያ ፀሐይ ወይም ነፋስ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ማድረቂያ። ፎጣው ክር የሚተው ዓይነት ከሆነ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ይሻላል።

ሥሩን መጠምዘዝ ደግሞ የሚያምር ግን ልክ ያለው ነገር ነው። በየሳምንቱ የሚያስጠመዝዙ አሉ፤ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ፎቶ በመጣ ቁጥር። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ጥሩ ነው፤ የበለጠ ብታቆዩትም ምንም አይሆንም። ተጠምዝዞ ካለቀ በኋላ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ቅንድባችሁ የተሳበ ከመሰላችሁ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ በጣም ጠብቋል ማለት ነው። «ለማማር መታመም» ምናምን አትበሉኝ። ያለማቋረጥ የሚሳብ ፀጉር ሥሩ ይዳከማል፤ በግንባር መስመርና ከጆሮ በላይ መሳሳት ይጀምራል፣ ሳይያዝ ከቆየ ያ ቦታ ዳግመኛ ላያበቅል ይችላል። ከባድ ድሬድን ቀኑን ሙሉ ከፍ አድርጎ ጥፍር አድርጎ ማሰርም ያው ነው። ምላጭ እንዳይነካው የተሳላችሁትን ፀጉር በገዛ እጃችሁ መንቀል ምን ይባላል?

ሳይጠመዘዝ በራሱ እንዲሄድ የተዋችሁትም ሥራ አለባችሁ። ከታጠበ በኋላ ሥሮቹን በጣት ለያዩ፤ ካልሆነ ጎረቤታሞቹ ይጋጠሙና አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ይሄን ፈልጋችሁት ከሆነ መልካም።

ማታ የሳቲን ወይም የሐር ሻሽ እሰሩ፤ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ክሩንም ይሰጠዋል። ጥቅልል ፀጉር ላይ የራስ ቆዳ ወዝ እስከ ጫፍ ስለማይደርስ ጫፉ ይደርቃል፤ ውኃ በትንሹ መርጨት ከዚያ ቀለል ያለ ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የማያቋርጥ ማሳከክ፣ ወፍራም ፎሮፎር፣ ቁስል ካለ ግን ዘይት እየጨመራችሁ አትቆዩ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ጸልዩልኝ» ማለት መልካም ነው፣ እኛም እንጸልያለን፤ ሐኪሙ ጋ ግን ሂዱ።

ወደ ዘኁልቁ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያልተነበበው ክፍል ይሄ ነው። ቁጥር 18። ስእለቱ ሲፈጸም ናዝራዊው በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ራሱን ይላጫል፣ ፀጉሩንም ከደኅንነት መሥዋዕቱ በታች ባለው እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። ያ ሁሉ ጊዜ የተጠበቀው ፀጉር የሚያድገው ለመሰጠት ነበር። ለማሳየት አልነበረም። አንዳንዶቻችን ድሬዳችንን «ለጌታ ነው» ብለን ጀምረን፣ ዛሬ ጌታ ራሱ ቁረጠው ቢለን የምንከራከር ይመስለኛል፤ ይሄን እያንዳንዱ ለራሱ ይመርምር። ሳይሳሉ ስለወደዱት ብቻ ያሳደጉም አሉ፤ እነሱ ነፃ ናቸው፣ የሌለ ስእለት አንጫንባቸው።

ከቁጥር 9 እስከ 12 ያለው ደግሞ ያጽናናኛል። ሰው ሳይታሰብ አጠገቡ ቢሞት፣ ጥፋቱ ሳይሆን ማለት ነው፣ በሰባተኛው ቀን ይላጫል፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ቀኑንም እንደገና ከመጀመሪያ ይቆጥራል። በኬሞቴራፒ ምክንያት ድሬዷ የረገፈባት እህቴ፣ በቀዶ ሕክምና የተላጨህ ወንድሜ፣ ሕጉ ራሱ ለእንደ እናንተ ያለው ሰው እንደገና የመጀመሪያ መንገድ ነበረው፤ በጸጋ ያለነው እኛ እንዴት እንፈርድባችኋለን?

መቁረጥ የወሰናችሁ ደግሞ፣ ሁሉንም ከመላጨታችሁ በፊት ሌላም መንገድ አለ። ከሥሩ ጥቂት ሴንቲሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና የቀረውን በውኃና በብዙ ኮንዲሽነር አርሳችሁ ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ እያላችሁ ፍቱት። ሰዓታት ይፈጃል፣ የሚያግዛችሁ ሰው ፈልጉ። ሲፈታ እፍኝ እፍኝ ፀጉር ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ለዓመታት ረግፎ እዚያው የቀረው ነው።