የበጎ ፈቃደኞች የወፍ ቆጠራ በኢትዮጵያ

በአራዳ ቋንቋ «ወፍ የለም» ማለት ምንም የለም፣ አትልፋ ማለት ነው። ወፍ ቆጣሪ ግን ቃሉን በቁሙ ይጠቀምበታል። ሐይቅ ዳር ደርሶ ምንም ካላየ ቅጹ ላይ ዜሮ ይሞላል። ዜሮውም ይላካል፤ አምና እዚያው ቦታ ብዙ ወፍ ከነበረ ትልቁ ወሬ እሱ ነው።

የወፍ ቆጠራ ስንል ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ያሉትን ወፎች በዓይነትና በብዛት መዝግበው የሚያስረክቡበትን ሥራ ነው። ተማሪ አለ፣ አስጎብኚ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ጡረታ የወጣ አለ፣ ገጠር ከሄድን ደግሞ እረኛው ራሱ አለ። አገሪቱ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ይዛ፣ ይህን ሁሉ በመንግሥት ሠራተኛ ብቻ መከታተል የማይታሰብ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ስንት ናቸው ለሚለው አንድ መልስ የለም። ከኤርትራ ጋር የምንጋራቸውን ማን እንደሚቆጥርና ማን እንደሚተው ይለያያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመር

የሥራው ዋና ቤት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር ነው። የተመሠረተው በ1966 ነው። የደርግን ዘመን ተሻግሮ ዛሬ ደርሷል፣ ይህ ለአገር በቀል ማህበር ቀላል ነገር አይደለም። በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው የዓለም አቀፍ ወፍ ጠባቂዎች ኅብረት የኢትዮጵያ አጋርም እሱ ነው።

በ1996 ማህበሩ ለወፎች ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አሳተመ። ሐይቁ፣ ረግረጉ፣ ጫካው፣ ተራራው፣ ቆላው ሁሉ ተዘረዘረ። ቦታ የሚመረጠው በግምት አልነበረም፤ ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ መኖሩ፣ በጠባብ አካባቢ ብቻ የሚኖር ወፍ መገኘቱ፣ ወይም ወፎች በብዛት የሚሰበሰቡበት መሆኑ ይታያል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ግን ዛሬም ቆጣሪ ወዴት እንሂድ ሲል መነሻው ያው የማህበሩ ሥራ ነው።

ምን ያህል ያልታወቀ ነገር እንዳለ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ያሳያል። በ1990 ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። ክንፉ ከሚታወቀው ሁሉ ስላልገጠመ በ1995 እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበ። አዎ፣ በአንድ ክንፍ!

የጥር ቆጠራ

የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የተጀመረው በ1967 ነው። አፍሪካ የራሷን ቅርንጫፍ በ1991 አገኘች። በየዓመቱ ጥር አጋማሽ ላይ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በተቀራረቡ ቀናት ወጥተው ይቆጥራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የመጡት ወፎች በዚያን ሰሞን አንድ ቦታ ረግተው ይቀመጣሉ፣ ስለዚህ አንዱን ወፍ ሁለት አገር የመቁጠር ዕድሉ ይቀንሳል። ለእኛ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሰሞኑ ጥምቀት ነው። መኪና አይገኝም፣ መንገድ ይዘጋል፣ ግማሹ ቡድን ታቦት ሊሸኝ ይሄዳል።

ከሚቆጠሩት ቦታዎች ውስጥ ዝዋይ፣ አቢያታና ሻላ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገፈርሳ፣ እንዲሁም በአቃቂ በኩል የአባ ሳሙኤል ውሃ አሉ። ሐዋሳ ላይ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብትሄዱ አባ ኮዳው የዓሣ ቅሪት ለመለመን እግራችሁ ሥር ይቆማል። ገፈርሳ ደግሞ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ አለ፤ ከእኛ ደጋ ውጪ የትም የለም። ብርዱን የለመደ ስለሆነ ቆጣሪው ሲንቀጠቀጥ እሱ አንገቱን ጀርባው ላይ ጋደም አድርጎ ይቆማል።

ጨለለቃን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ክረምት ላይ የሚሞላ፣ በጋ ላይ እየሸሸ የሚሄድ ውሃ ነው። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች (የግንባታውን ማለቴ አይደለም) ከሰሜን መጥተው ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ እህል ወደታጨደበት ማሳ ይበራሉ። ስለዚህ ቆጣሪው ከመነሣታቸው በፊት ቦታው ላይ መገኘት አለበት። አንዱ በቴሌስኮፕ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። የሚያየው ሰው ዓይኑን ከመነጽሩ አያነሣም፣ ካነሣ ከየት እንደደረሰ ይጠፋበታል። «አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሁለት ይብራ ጨምር» እያለ ይጠራል፣ ጸሐፊው እየደገመ ይጽፋል። መንጋው ትልቅ ሲሆን አንድ በአንድ አይቆጠርም። አሥሩን ይቆጥሩና ያ ያህል ስፋት በዓይን ይያዛል፣ ከዚያ ስንት እንደዚያ እንዳለ ይታያል። ግምት ነው፣ ግን የሠለጠነ ግምት ነው። በመሀል አንድ ገበሬ መጥቶ ምን ታደርጋላችሁ ይላል። ወፍ እንቆጥራለን ሲባል መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን ዘንድሮ ዘግይተው እንደመጡ፣ ሽምብራውንም እንዳስቸገሩት ይነግራችኋል። ጸሐፊው ይህንንም ዳር ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ዓመት ደግሞ አንድ አዲስ አባል ለጥምቀት በለበሰው ነጭ ልብስ በቀጥታ መጣና ዳሩ ላይ ያየነው ወፍ ሁሉ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ደብዘዝ ያለ ይሁን የሚለው ማሳሰቢያ በቅድሚያ ይላካል።

አቢያታ ላይ የቁጥሩ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ጨዋማነቱ ጨምሯል፣ ዓሣው ጠፍቷል። ሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ዱሮ ዓሣ የሚያጠምዱት አቢያታ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ሐይቅ ድረስ ይበራሉ። ፍላሚንጎ ግን ዓሣ ሳይሆን አልጌ ስለሚበላ ሐይቁን አልተወም። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል አንዳንዱ ከዝዋይና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ የሚጠለፈውን ውሃ፣ አንዳንዱ ከሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ የሚባለውን ማዕድን የሚያወጣውን ፋብሪካ፣ አንዳንዱ የዝናቡን መለዋወጥ ይላል። ሁሉም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

በርጋ

ከሁሉም በላይ ሊነገርለት የሚገባው በርጋ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም በኩል ያለ ረግረግ ሜዳ ነው። እዚህ በክረምት ክንፈ ነጩ ፍላፍቴይል የሚባል ወፍ ይራባል። በቁመት ከ14 ሳንቲሜትር ብዙ አይበልጥም። ሣር ውስጥ እንደ አይጥ እየሮጠ ይኖራል፣ ካልረገጡት በቀር አይነሣም። በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ተመዘገበ፤ ጎጆው የት እንደሆነ ግን ከመቶ ዓመት በላይ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ1990ዎቹ በሱሉልታና በበርጋ ነገሩ ተገለጠ። ከ2013 ጀምሮ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በዓለም ያሉት አዋቂዎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ቆጠራው አድካሚ ነው። ሁለት ሰዎች ረጅም ገመድ ይዘው ግራና ቀኝ ይራመዳሉ፣ ገመዱ ሣሩን እየዳበሰ ያልፋል፣ ከኋላ የሚከተሉት ዓይናቸውን ይተክላሉ። ወፉ ብድግ ይልና ነጭ ክንፉን ለሁለት ሦስት ሴኮንድ አሳይቶ ተመልሶ ይወድቃል። ያቺ ናት ዕድሏ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። እረኛ ልጆቹ ከማንም ቀድመው ጎጆውን ያውቁታል፣ ዘንድሮ ሜዳው ቶሎ ተጋጠ አልተጋጠም የሚለውንም እነሱ ናቸው የሚናገሩት። የአካባቢው ሰው የራሱን ጠባቂ ቡድን አቋቁሟል። ከደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳጆች በመጣ ድጋፍም ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ከብት በእንቁላል ወቅት ሜዳው ላይ እንዳይሰማራ የተስማማው ሕዝቡ ነው፤ ለከብት ሣር ብርቅ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት ነው።

የሚያከራክረው የወፉ ጉዞ ነው። የዘረመል ጥናት የእኛዎቹና የደቡብ አፍሪካዎቹ እምብዛም እንደማይለያዩ አሳይቷል፣ ስለዚህ ብዙዎች ከኢትዮጵያ ወደዚያ ይሄዳል አሉ። በ2018 ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደሚራባ በካሜራ ተረጋገጠ። የሁለት አገር መንገደኛ ነው ወይስ ሁለት ቦታ የተቀመጠ ዘመድ፣ ክርክሩ ቀጥሏል። ጎጆውን ቀድመን ያገኘነው ግን እኛ ነን።

ሌሎች

ሰሜን ሸዋ ያለው የደጋ ሣር ሜዳ፣ መንዝ ጓሳ፣ ላይ ወፍ ብቻ አይደለም የሚታየው። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ለዓመታት ዘግቶ ይከፍት ነበር (ቃሉ ከቅርቡ የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር አይምታታ)። ሥርዓቱ በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ተናጋ፣ በኋላ በአዲስ መልክ ተመለሰ። ዛሬ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ከሚከታተሉት ውስጥ የዚያው አገር ሰዎች አሉ።

ከተማ ላይ ስልክ ነገሩን ቀይሮታል። ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ኢበርድ የሚባል የኢንተርኔት መድረክ ከ2002 ጀምሮ አለ። ማንም ሰው ጠዋት በቤቱ ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን ጋጋኖ መመዝገብ ይችላል።

ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እዚያ የሚኖረው የሊበን ላርክ የተባለው ትንሽ ወፍ ሣሩ በቁጥቋጦና በእርሻ እየተዋጠበት ነው። ነዋሪው ለጥጃ ግጦሽ የሚከልለውን ካሎ ወፉም እንዲጠቀምበት ማድረግ ተጀምሯል። አንዳንድ ሊቃውንት ወፉን ሶማሌላንድ ከሚገኘው ዘመዱ ጋር አንድ አድርገውታል፣ ሌሎች አልተቀበሉትም። ቆጠራው የሚሠራው በድምፅ ነው፤ ወንዱ ጠዋት ወደ ላይ ወጥቶ ሲዘምር ቦታው ይመዘገባል፣ ስለዚህ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት የቀኑ ሥራ ያልቃል።